የክራሯ እመቤት ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ

ኀዘኑን በዜማ የማያስታግሥ ሕዝብ በዓለም ላይ የለም። ጥቁር አሜሪካውያን ከባርነት ጀምሮ ያዩትን መከራ ብሉዝ በሚባለው ዘፈን ገልጸውታል። እኛም የሄደውን ዘመንና የተለየንን ሰው የምናስብበት ትዝታ የሚባል ቅኝት አለን። ትዝታን በክራር ከተጫወቱት ሴቶች መካከል ስማቸው አስቀድሞ የሚነሣው ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ስለ ሆኑ፥ የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ ለአንባብያን አቀርባለሁ።

ወይዘሮ አስናቀች በ1927 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ከተማ፥ በስድስት ኪሎ አካባቢ ተወለዱ። እናታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱባቸው ያለ እናት አደጉ። በዚያን ጊዜ አንዲት ልጃገረድ ክራር ብትይዝ ስሟ በመልካም አይነሣም ነበር። በገና የዳዊት መሣሪያ ነው ተብሎ ሲከበር፥ ክራር ግን የጠጅ ቤት ዕቃ ነው እየተባለ ይናቃል፤ አዝማሪ የሚለውም ቃል እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። እርሳቸው ግን ስድቡን ችለው ክራራቸውን አነሡ።

ከክራሩም ጋራ ቴአትርን ወደዱ። ቀድሞ በመድረክ ላይ እንደ ሴት ሆነው የሚጫወቱት የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ወይዘሮ አስናቀች በ1940ዎቹ ዓመታት መድረክ ላይ ወጥተው ይህን ልማድ ስለ ሰበሩ፥ የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት ተዋናይት ይባላሉ። በኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ማለት በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፥ ለብዙ ዓመታት በተዋናይነትና በዘፋኝነት ሠሩ።

የዘፈን ቅኝቶቻችን አራት ናቸው፤ እነርሱም ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። በካራቆሬ በኩል ወደ ደሴ የሚያልፈውን መንገድ ይዞ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ ባቲን ያገኛል፤ ከደሴ አልፎ ወደ ሰሜን ቢሄድ አምባሰል ይደርሳል። ስለዚህ ይህ ዜማ ለእኛ የሩቅ አገር ነገር አይደለም።

በ1960ዎቹ ዓመታት የተቀረጹት የወይዘሮ አስናቀች ዘፈኖች፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 በፈረንሳይ አገር ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ እትም በ16ኛው ቍጥር ታተሙ። የአልበሙም ስም የክራሯ እመቤት የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ክብር የመጣው በእርጅናቸው ጊዜ ነው። የመጨረሻ ዘመናቸውን በሕመም አሳልፈው በመስከረም ወር 2004 ዓ.ም.፥ የአዲስ ዓመት በዓል እንዳለፈ ዐረፉ።

ራሔል ሳሙኤል የተባለችው የፊልም ሠሪ ስለ ሕይወታቸው ያዘጋጀችው አስኒ የሚባለው ዘጋቢ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ነው። ይህም ማለት ባለታሪኳ ካረፉ በኋላ ነው። ፊልሙ የደረሰባቸውን መሰናክል ሳይሸሽግ ስለሚተርክ፥ ሊታይ የሚገባው ነው። በአሜሪካም እንዲሁ የብሉዝ ንግሥት የተባለችው ቤሲ ስሚዝ በ1929 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተነሣችው አንድ ፊልም ብቻ ነው፤ እርሱም ከሩብ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። በ1937 በመኪና አደጋ ስትሞት ስታዘፍን የምትታይበት ሌላ ፊልም አልተረፈም።

እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ሴት አያቴ ማማ ላይ ሆነው ማሽላ ሲጠብቁ የሚያንጎራጕሩት ዜማ ነበረ። እርሳቸው ዐርፈዋል፤ ዜማውን የቀረጸው ሰው የለም። እኔም ከግጥሙ አንዱን ስንኝ እንኳ አላስታውስም። በጊዜው የእጅ ስልክ በቤታችን ነበረ፤ ነገር ግን የአንዲት ባላገር ሴት እንጉርጉሮ ይቀረጻል ብዬ አላሰብሁም። ክራርን የናቁት ሰዎች የተሳሳቱትን ስሕተት እኔም ተሳሳትሁ።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከወይዘሮ አስናቀች ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ተሰጥዖ ያለው ሰው በሰው ንቀት ምክንያት ሥራውን መተው እንደማይገባው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ የሰውን ሥራ ለማክበር ሞቱን መጠበቅ እንደማይገባን ነው። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን ወደየቤታችን ስንመለስ፥ ከሽማግሌዎቻችንና ከአሮጊቶቻችን ቢያንስ አንድ አንድ ዜማ ብንቀርጽ፥ የይፋት ቆላ እንጉርጉሮ ከባለቤቶቹ ጋራ አይቀበርም።