ሁለት ጊዜ የተፈተኑት ሐኪም



በየቤተ ክርስቲያናችን፣ በተለይም ከአገር ውጭ ባሉት፣ ከኋላ ወንበር የማይጠፉ አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። አገር ቤት ሐኪሞች ነበሩ። ዶክተር እየተባሉ ኖረው አሜሪካ ከገቡ በኋላ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ ወይም አረጋውያንን ይንከባከባሉ፤ ቀን ደግሞ ለሕክምና ፈቃድ ፈተናው ያነባሉ። የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ፈተናቸው እንድንጸልይ ይጠይቁናል። እኛ ደግሞ ፈተና የሚለውን ቃል ስንሰማ አንዳንዴ የመሰለንን ይዘን ሰይጣንን እንገሥጽላቸዋለን! እነሱ የፈለጉት ግን ያነበቡት እንዳይጠፋባቸው ነው።

ዛሬ የአንድ ሰው ታሪክ ላካፍላችሁ የወደድኩት እነዚህን ወገኖች እያሰብኩ ነው። ሰውየው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ብዙዎቻችሁ ስማቸውን የምታውቁት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም ሲባሉ ሰምታችሁ ይሆናል። በሰው አገር ተምረው ከተመረቁ በኋላ በሌላ ሰው አገር እንደገና ለፈተና መቀመጣቸውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በመቅደላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ካሰሯቸው አውሮፓውያን መካከል የእንግሊዝ ቆንስል ብቻ ሳይሆን ፕሮቴስታንት ሚስዮናውያንም ነበሩበት። እነሱን ለማስፈታት ከሕንድ የተነሳው የጄኔራል ናፒየር ጦር በሚያዝያ 1868 ዓ.ም መቅደላን ያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ተለይቶ የተገኘ፣ ሦስት ወይም አራት ዓመት የሚሆነው የጎንደር ልጅ ነበር። ኮሎኔል ቻምበርሌይን የተባለ መኮንን ልጁን ይዞት ወደ ሕንድ ተመለሰ። ያው ጦር የንጉሡን ልጅ ዓለማየሁንም ወደ እንግሊዝ ወስዶት እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ልዑሉ በ1879 ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ እዚያው ሞተ።

የጎንደሩ ልጅ ግን ኖረ። መጀመሪያ በራዋልፒንዲ ከቻምበርሌይን ዘንድ አደገ። ከዚያም በአምሪትሳር ከተማ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን ወጪውን ይሸፍንለት ነበር። ከአንደኛው መኮንን ቻርልስ የሚለውን፣ ከሁለተኛው ማርቲን የሚለውን ስም ወረሰና ቻርልስ ማርቲን ተባለ። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ከነቋንቋው ከአእምሮው ጠፋ። ሐበሻ መሆኑን ያውቃል፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ ግን አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብናገር ደስ ይለኛል። ይህን ታሪክ በእኛ መካከል የሚያወሩ አንዳንዶች፣ ሚስዮናውያን አንድ የተጣለ ልጅ አንስተው አሳደጉ ብለው ይዘጉታል። ያሳደጉትና ያስተማሩት እውነት ነው፤ መልካም ሥራቸውንም አልክድም። ነገር ግን ልጁ የተጣለ አልነበረም። አገር ቤት ቤተሰብ ነበረው። ከቤተሰቡ የለየውም ያው ጦር ነው። ሁለቱን አብሮ መያዝ ከባድ ነው፤ ዮሴፍን የሸጡትን ወንድሞቹንና በግብፅ የተሾመበትን ቀን በአንድ ታሪክ ውስጥ እንደምናነበው ማለት ነው።

ልጁ ትምህርት ወዳድ ነበርና ላሆር ሕክምና ኮሌጅ ገባ። ይህ ኮሌጅ በ1860 የተከፈተ፣ በፑንጃብ ዘመናዊ ሕክምና የሚሰጥበት ትልቁ ቦታ ነበር። በ1882 በሐኪምነት ተመረቀ። (እስካሁን እሱ እያልኩ መጣሁ፤ ከእንግዲህ ሐኪም ሆነዋልና አንቱ ልበላቸው።)

ከተመረቁ በኋላ በሕንድ መንግሥት ሥር ረዳት ሐኪም ሆነው ተቀጠሩ። ረዳት የሚለውን ቃል ልብ በሉ። በዚያ ዘመን በሕንድ የሐኪሞች ደረጃ ሁለት ነበር። የላይኛው የሕንድ ሕክምና አገልግሎት የሚባለው ሲሆን፣ ከ1855 ጀምሮ በውድድር ፈተና የሚገባበት ነው፤ ፈተናው የሚሰጠው ግን ለንደን ነበር። ሕንድ አገር ተምሮ እዚያው የቀረ ሰው፣ እጁ ምንም ያህል የተባረከ ቢሆን፣ ከታችኛው ደረጃ አያልፍም። ታማሚው ያው ታማሚ፣ ወባው ያው ወባ ነው። ወረቀቱ ግን ባሕር ሲሻገር ዋጋ ያጣ ነበር።

ይህ የሆነው በ1858 በወጣ የእንግሊዝ ሕግ ምክንያት ነው። ሕጉ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቁሞ የሐኪሞች መዝገብ እንዲይዝ አደረገ። በመዝገቡ ላይ የተጻፈ ሐኪም ነው፤ ያልተጻፈ አይደለም። ዛሬ ወደ እንግሊዝ የሚሄዱ ሐኪሞቻችን ፕላብ የሚሉትን ባለ ሁለት ክፍል ፈተና የሚያዘጋጀው ይኸው ምክር ቤት መሆኑን ስታውቁ ነገሩ ምን ያህል ሥር እንዳለው ይገባችኋል። በ1886 ደግሞ ሕጉ ጠበቀ፤ በውስጥ ደዌ ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምናና በማዋለድ፣ በሦስቱም ያልተፈተነ ሰው እንዳይመዘገብ ተከለከለ።

እንግዲህ ዶክተር ማርቲን ሰባትና ስምንት ዓመት ያህል ካገለገሉ በኋላ፣ በ1890 አካባቢ ወደ ስኮትላንድ ተጓዙ። የሄዱት ወደ ኤዲንብራና ወደ ግላስጎ ነው። ለምን ስኮትላንድ? የኤዲንብራ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ የኤዲንብራ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅና የግላስጎ የሐኪሞችና የቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ በ1884 ተባብረው አንድ የጋራ ፈተና ጀምረው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያልተማረም ሰው ሊቀመጥበት ይችላል። ስለዚህ ከቅኝ ግዛት ኮሌጆች የመጡና ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን የዘጉባቸው ሴቶች ይሰበሰቡበት ነበር። በሩ የተከፈተ ነው፤ ፈተናው ግን ቀላል አልነበረም። ተፈታኙ በጽሑፍ ይፈተናል፣ በቃል ይጠየቃል፣ ከሕመምተኛም አልጋ አጠገብ ቆሞ በእጁ ይመረምራል።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ዓይነቱ ዝግጅት የሚከብደው አዲስ ነገር በማወቁ ብቻ አይደለም። የምታውቀው ነገር ማርጀቱ ነው። ዶክተር ማርቲን ከላሆር በተመረቁበት በዚያው በ1882፣ በመጋቢት ወር፣ ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋስ ማግኘቱን በርሊን ላይ አስታወቀ። በማግሥቱ ዓመታት ደግሞ የኮሌራውን ለይቶ አሳየ። ስለዚህ ሰውየው ተማሪ ሳሉ ስለ እነዚህ በሽታዎች መነሻ የያዙት ትምህርት፣ ዲፕሎማቸው ገና ሳይደበዝዝ አሮጌ ሆኖ ነበር። ቀዶ ሕክምናም እንዲሁ ተለውጧል። ጆሴፍ ሊስተር በካርቦሊክ አሲድ ቁስልን ከምርቀዛ የመጠበቅን ዘዴ የጀመረው በግላስጎ ነው፤ ቀጥሎም በኤዲንብራ ለዓመታት አስተምሯል። ይህ ዘዴ በተወለደባቸው በሁለቱ ከተሞች ፈታኝ ፊት መቆም ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። ቆሎ ተማሪ ቅኔ ለመቀኘት ጎንጅ ቢሄድ ነው!

ዛሬ ለአሜሪካው ፈተና የሚዘጋጁ ወንድሞችም የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው። ከምርቃት በኋላ ያለፈው ዓመት ይቆጠርባቸዋል። አሥር ዓመት በገጠር ሆስፒታል በቂሳርያን ሴቶችን ያዋለደ ሐኪም፣ አንደኛ ዓመት ላይ የተማረውን ባዮኬሚስትሪ እንደገና ከፊደል ይጀምራል። የመጀመሪያው ክፍል ውጤት ከጥር 2022 ጀምሮ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ እየተባለ ይሰጣል። ይህ ሲሰማ ብዙዎች እፎይ ብለው ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ነጥብ ሲቀር ሆስፒታሎች የሁለተኛውን ክፍል ነጥብ አጥብቀው ማየት ጀመሩና ሸክሙ ቦታ ቀየረ እንጂ አልወረደም። ደግሞም ሦስቱን ክፍል ጨርሶ እንኳ በአገሪቱ ሆስፒታል የልምምድ ቦታ ያላገኘ ሰው ባጠቃላይ አያክምም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይህን ብታውቁ መልካም ነው። ፈተናውን ያለፈው ወንድም ለምን ገና ሥራ እንዳልጀመረ ደጋግመን ስንጠይቀው ባናውቀው እንወጋዋለን።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ዶክተር ማርቲን ፈተናውን አለፉ፤ የስኮትላንድ የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ፈቃዳቸውንም ያዙ። ወደ ሕንድ መንግሥት አገልግሎት ተመልሰው በበርማ ሐኪም ሆነው ተመደቡ። የላይኛው በርማ በእንግሊዝ ከተያዘ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ ንዳድ የበዛበት አገር ነው። ወባ በወባ ትንኝ እንደሚተላለፍ ሮናልድ ሮስ በሕንድ ያረጋገጠው በ1897 ነውና፣ እስከዚያ ድረስ የዓለም ሐኪሞች ሁሉ፣ ከኤዲንብራ የመጣውም ከላሆር የመጣውም፣ ከየት እንደሚመጣ ለማያውቁት በሽታ ኪኒን ይሰጡ ነበር።

በ1896 የዐድዋ ድል ወሬ ዓለምን ሲያናውጥ በበርማም ተሰማ። የተወለዱበት አገር የአውሮፓን ጦር አሸነፈ! ዶክተሩ ከዚያ በኋላ ልባቸው አላረፈም። ፈቃድ ወስደው ወደ ኢትዮጵያ አቀኑ፤ በ1899ም አዲስ አበባ ገብተው በአፄ ምኒልክ ከተማ ሕመምተኛ ማየት ጀመሩ። ነጭ ያልሆነ፣ መልኩ ሐበሻ፣ ስሙ እንግሊዛዊ፣ አማርኛ የማይችል ሐኪም መጣ የሚለው ወሬ ሳይውል ሳያድር ተዛመተ።

ወሬው የእናታቸው እናት ከሆኑ አሮጊት ጆሮ ደረሰ። በመቅደላ የጠፋ የልጅ ልጅ ነበራቸው። መጥተው ሐኪሙን አዩ፤ በሕፃንነቱ በገላው ላይ የቀረውን ጠባሳ ያስታውሱ ነበርና በዚያ ምልክት ለዩት። ስሙ ወርቅነህ፣ አባቱ ነጋድራስ እሸቴ መሆናቸውንም ነገሩት። ይህ ሁሉ የተባለው በአስተርጓሚ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስትጠብቅ የኖረች አያት የልጅ ልጇን አግኝታ ቃሏን ሌላ ሰው ሲያስተላልፍላት ምን እንደ ተሰማት እንጃ። ዮሴፍም ወንድሞቹ ፊት አስተርጓሚ አቁሞ ነበር፤ ነገር ግን እሱ የሚሉትን ይሰማ ነበር። ወርቅነህ አይሰሙም ነበር።

አማርኛን እንደገና ከሀ ሁ ተማሩ። ይህን ስል በአንድ ጊዜ ጠቅልለው ገቡ ማለቴ አይደለም። ኑሯቸው በበርማ ሥራቸውና በአዲስ አበባ መካከል ለሃያ ዓመት ያህል ተከፍሎ ቆየ፤ በአንድ ወቅትም በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ነበሩ። ፈቃዱ እንጀራቸውም ማሠሪያቸውም ነበርና በቀላሉ የሚተዉት አልነበረም። ጡረታቸውን ይዘው ለአገልግሎት የገቡት በ1919 ነው።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ ብዘረዝር ገጹ አይበቃኝም። በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፈት ደከሙ። በ1927 ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር ኒው ዮርክ ድረስ ተላኩ፤ ቀጥሎም የጨርጨር አገረ ገዥ ሆኑ። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ አንድ መጽሐፍ ነው። ያ አያታቸውን በአስተርጓሚ ያነጋገሩ ሰው፣ ለኢትዮጵያ ልጆች የዓለም ጂኦግራፊን በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ።

ጣሊያን በ1935 አገሪቱን ሲወር ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ፤ ባሳደጋቸው መንግሥት ደጅ ቆመው ስለ ወለዳቸው ሕዝብ ለመኑ፣ ገንዘብም አሰባሰቡ። የጠየቁትን ያህል አልተሰጣቸውም። ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ወደ አገር ቤት ገብተው ከአርበኞች ጋር ነበሩ፤ በ1937 ፋሺስቶች ገደሏቸው። አባትየው ይህን የሰሙት በስደት ሆነው ነው። ከዚያም የስደት ዘመናቸውን ባደጉባት በሕንድ አሳለፉ።

ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1952 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሰባት ዓመት ያህል ነበር። አዛዥ ተብለዋል፣ ሚኒስትር ተብለዋል፣ አገረ ገዥ ተብለዋል። ሕዝቡ ግን እስከ መጨረሻው ሐኪም ወርቅነህ ይላቸው ነበር።