ጌታቸው መኩሪያ

ጌታቸው መኩሪያ (መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. – መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። በአንደበት ይባል የነበረውን ሽለላ ወደ ሳክስፎን በማምጣቱ ይታወቃል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት በፊሊፕስ ኩባንያ የታተመው የመጀመሪያው ረጅም ሸክላ (አልበም) ድምፃዊ የሌለበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳክስፎን የሚመራው ሥራ ነው። ይኸው አልበም እ.ኤ.አ. በ2003 በፈረንሳይ እንደገና ሲታተም ጌታቸው የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ የሚል መጠሪያ ይዞ ለዓለም ተዋወቀ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 70 ተጠግቶ ነበር።

ልጅነት

ጌታቸው የተወለደው በሸዋ፣ ይፋት ውስጥ ነው። ከተወለደ ከአንድ ዓመት በኋላ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ስለያዘ የሕፃንነት ዘመኑ በአርበኞች ትግል ጊዜ አለፈ። ሽለላ፣ ፉከራና ቀረርቶ በዚያ ዘመን የመድረክ ትርኢት አልነበሩም። ወደ ውጊያ የሚሄደውን ሰው የሚያነሳሱ፣ ከውጊያ የተመለሰውን የሚያወድሱ፣ የወደቀውን የሚያስታውሱ ነበሩ።

ሙዚቃን የጀመረው በባህል መሣሪያዎች ነው። መጀመሪያ ክራርና ማሲንቆ ተጫወተ፤ ቆይቶ ወደ ክላርኔትና ወደ ሳክስፎን ተሻገረ። ይህ ቅደም ተከተል ለኋላ ሥራው ትልቅ ትርጉም አለው። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ያለው፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በምልክት ያልተከፋፈለ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ፣ እያንቀጠቀጠ፣ የሰውን ጉሮሮ እየተከተለ ይጫወታል። ሳክስፎን ደግሞ ድምፆቹ በቁልፎች የሚወሰኑበት የፋብሪካ ዕቃ ነው። ሆኖም ድምፁ የሚወጣው በከንፈርና በትንፋሽ በሚንቀጠቀጥ ቀጭን የሸምበቆ ልሳን ስለሆነ፣ ጎበዝ ተጫዋች ቁልፉ ከሚሰጠው ድምፅ ወጣ ብሎ ሊያጎብጠው ይችላል። ጌታቸው በማሲንቆ የለመደውን ያደረገው በዚህ መንገድ ነበር።

የማዘጋጃ ቤት ባንድና ቴአትር ቤት

በኢትዮጵያ የነሐስ መሣሪያ ትምህርት በሰፊው የተስፋፋው ከ1916 ዓ.ም. በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ራስ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም ያዩአቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። አርባ ልጆች በመባል የሚታወቁት እነዚህ ወጣቶች የሀገሪቱ የመንግሥት ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድና የቴአትር ቤቱን ሙዚቀኞች አሠልጥኗል።

ጌታቸው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በ1941 ዓ.ም. ገደማ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ ተቀላቀለ። ሙያውን የተማረውም በሥራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ወደተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) ሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። በዚያ መድረክ ሙዚቀኞቹ የባህል ዜማዎችን በዘመናዊ መሣሪያ ማቀናበር ይለማመዱ ነበር።

ሽለላ በሳክስፎን

ሽለላ በተለምዶ የሚባለው በድምፅ ነው። ሸላዩ ቃላቱን በተመጠነ ምት አያስርም። ትንፋሹ እስከፈቀደ ይዘረጋል፣ ድንገት ይቆርጣል፣ እንደገና ይነሣል። አዝማሪ ካለም ማሲንቆው ከሥር ያጅበዋል። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ የታወቀ ሲሆን፣ ዛሬም በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራና ከዳንግላ እስከ ጫግኒ፣ በሠርግና በበዓል ላይ ፉከራና ሽለላ ይሰማል። በእንዲህ ያለ ድግስ ላይ የቆመ ሰው የጌታቸውን ሳክስፎን ሲሰማ የሚያውቀውን ነገር ይለያል፤ ቃሉ ብቻ የለም።

ጌታቸው በቴአትር ቤቱ ዘመን ያደረገው የሸላዩን ቦታ ለሳክስፎን መስጠት ነው። ሳክስፎኑ የሸላዩን ትንፋሽ ይከተላል፤ ከፍ ባለ ድምፅ ይጀምራል፣ በሰፊው ያንቀጠቅጣል፣ በፍጥነት በሚወርዱ ድምፆች ይፎክራል፣ ከዚያም ቆም ብሎ ምላሽ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ይላል። ሽለላን ያለ ድምፃዊ በመሣሪያ ብቻ ካስቀረጹ የመጀመሪያ ሙዚቀኞች አንዱ እሱ ነው። በመድረክ ላይም ብዙ ጊዜ የሚቀርበው እንደ ጦረኛ ለምድ ደርቦ፣ በራሱ ላይ የአንበሳ ጎፈር አድርጎ ነበር። አለባበሱ ለተመልካች ማስደነቂያ ብቻ አልነበረም። የሚጫወተው የጀግና ቃል ስለሆነ በጀግና ልብስ ማቅረቡ የወጉ አካል ነበር።

የፖሊስ ኦርኬስትራ

እ.ኤ.አ. በ1965 ጌታቸው የፖሊስ ኦርኬስትራን ተቀላቀለ። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ የነበሩት ትላልቅ የሙዚቃ ጓዶች በአብዛኛው የመንግሥት ተቋማት ነበሩ፤ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ጓዶች በመካከላቸው ብርቱ ፉክክር ነበራቸው። ሙዚቀኞቹ ደመወዝተኞችና ባለ ደንብ ልብስ ሲሆኑ፣ መሣሪያውም የተቋሙ ንብረት ነበር።

በዚህ አሠራር ሕዝብ በስም የሚያውቀው ድምፃዊውን ነው። ጌታቸው ዓለማየሁ እሸቴን፣ ሒሩት በቀለንና አያሌው መስፍንን የመሳሰሉ ታላላቅ ድምፃውያንን አጅቧል። ከእነሱ ኋላ የሚሰማው ሳክስፎን የእሱ መሆኑን የሚያውቁት ግን በአብዛኛው ሙዚቀኞች ነበሩ። የመጀመሪያው አልበሙ ልዩ የሚሆነው ከዚህ አንጻር ሲታይ ነው።

የመጀመሪያው አልበም

እስከ 1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ገደብ ጥሶ በራሱ ስም የሸክላ ድርጅት ከፈተ። ከዚያ በኋላ የፊሊፕስ የኢትዮጵያ ቅርንጫፍና ሌሎች አሳታሚዎች በስፋት ሠሩ። አብዛኞቹ ሸክላዎች በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን የሚይዙ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲታተሙ ረጅም ሸክላዎች ግን በጥቂት አሥሮች ብቻ የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ የጌታቸው ነው። ፊሊፕስ ዘመናዊ የከተማ ሙዚቃ ብሎ ባሳተማቸው ተከታታይ ሸክላዎች ውስጥ 5ኛ ሆኖ ወጣ። በዘፋኝ ገበያ ውስጥ አንድን የመሣሪያ ተጫዋች ለብቻው ፊት ማውጣት ያልተለመደ ነገር ነበር።

የአልበሙ ይዘት ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ወገን ሽለላና አሃ ገዳዎን የመሳሰሉ የጀግንነት ዜማዎች አሉ፤ በእነዚህ ውስጥ ሳክስፎኑ ከምት ነፃ ወጥቶ ይፎክራል። በሁለተኛው ወገን እንደ አካሌ ውቤና አልማዝ የሐረርዋ ያሉ የታወቁ ዘፈኖችና በቅኝት ስም የተጠሩት አምባሰልና አንቺሆዬ ይገኛሉ። አምባሰልና አንቺሆዬ ከትዝታና ከባቲ ጋር የኢትዮጵያ ሙዚቃ አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ናቸው። ስለዚህ አልበሙ የሚያሳየው ከውጭ የመጣ መሣሪያ የሀገሩን ቅኝት ሳይለቅ ፉከራንም ሆነ የፍቅር ዘፈንን መጫወት እንደሚችል ነው።

አጃቢዎቹ በአልበሙ ውስጥ ብዙ አይናገሩም። አንድ ተደጋጋሚ ምት ይዘው ይቆያሉ፤ በላዩ ላይ ሳክስፎኑ እንደ ልቡ ይሄዳል። ይህም ማሲንቆ ይዞ ሸላይን የሚያጅብ አዝማሪ የሚሠራው ሥራ ነው።

ከጃዝ ጋር ያለው ዝምድና

አልበሙን ከብዙ ዓመት በኋላ የሰሙ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች ጌታቸውን ከአልበርት አይለርና ከኦርኔት ኮልማን ጋር አነጻጽረውታል። እነዚህ ሁለት አሜሪካውያን ፍሪ ጃዝ የሚባለውን፣ ከቋሚ ምትና ከተለመደው ስምምነት የወጣውን አጨዋወት ያስፋፉ ናቸው። የድምፁ ተመሳሳይነት እውነት ነው፤ ሰፊ መንቀጥቀጥ፣ ጩኸት የሚመስል ከፍታና ነፃ ምት በሁሉም ዘንድ ይሰማል።

ዘመኑ ሲታይ ግን ጌታቸው ከእነሱ ቀድቷል ለማለት አይቻልም። የኮልማን የመጀመሪያ አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ አይለር መቅረጽ የጀመረው በ1962 ነው። ጌታቸው ደግሞ ሽለላን በሳክስፎን መጫወት የጀመረው በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ነበር። የእሱ ነፃነት የመጣው ጃዝን ከማፍረስ ሳይሆን ሽለላን ከመከተል ነው። ሁለቱ መንገዶች ሳይተዋወቁ ተመሳሳይ ድምፅ ላይ ደርሰዋል።

የሰዓት እላፊ ዓመታት

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የተጣለው የሰዓት እላፊ ገደብ የአዲስ አበባን የምሽት ሙዚቃ አዳከመ። ከ1970 ዓ.ም. ገደማ በኋላ ሸክላ ማሳተም ቀርቶ ካሴት ቦታውን ያዘ። የጌታቸው አልበምም ከዘመኑ ሌሎች ሸክላዎች ጋር ከገበያ ጠፋ፤ አዲሱ ትውልድ በቀላሉ የሚያገኘው ሥራ አልነበረም።

ኢትዮፒክስና ዘ ኤክስ

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በቡዳ ሙዚክ ኩባንያ በኩል የቆዩ የኢትዮጵያ ሸክላዎችን ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ ርዕስ አሳተመ። የጌታቸው አልበም በ2003 የዚህ ተከታታይ 14ኛ ክፍል ሆኖ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ከቦስተን የመጣው ኢይዘር ኦርኬስትራ አዲስ አበባ ላይ ባቀረበው ዝግጅት ጌታቸው ከእንግዳ ተጫዋቾቹ አንዱ ነበር።

ከሁሉ የበለጠው ግንኙነት ከኔዘርላንድስ ጋር የተፈጠረው ነው። ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ፣ በፓንክ የጀመረና በኤሌክትሪክ ጊታሮች ሻካራ ድምፅ የሚታወቅ ባንድ ነው። በኅዳር 2004 25ኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘ። ጌታቸው ግብዣውን ከመቀበል አልፎ ባንዱ ከእሱ ጋር አልበም እንዲሠራ ፈለገ። በሌላ ሀገር ሰዎች ዘንድ ሽማግሌ ሙዚቀኛና የፓንክ ባንድ አብረው ይሠራሉ ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ የዘ ኤክስ አሠራር ለሽለላ ይስማማል፤ ጊታሮቹና ከበሮው አንድን ምት በኃይል ይደጋግማሉ፣ መሪው ድምፅ በላዩ ላይ ነፃ ነው። አዝማሪው በማሲንቆ ይሠራ የነበረውን በኤሌክትሪክ ጊታር ሠሩት።

የጋራ ሥራቸው ሞዓ አንበሳ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። በእሱም አሃ ገዳዎን የመሳሰሉ የጌታቸው የቆዩ ዜማዎች በአዲስ ኃይል ተመልሰዋል። ከዚያ በኋላ አብረው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተዘዋወሩ። በነሐሴ 2008 በኒው ዮርክ በሊንከን ሴንተር ሜዳ ላይ ማህሙድ አህመድና ዓለማየሁ እሸቴ በተገኙበት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዝግጅት ላይ ከዘ ኤክስ ጋር ተጫውቷል።

የመጨረሻ ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ2012 ከዘ ኤክስና ከጓደኞቹ ጋር የሠራው ሁለተኛ አልበም የአንበሳው ትዝታ ታተመ። ጌታቸው በዕድሜው መጨረሻ አንድ ሥራ መተው ፈልጎ የተዘጋጀ አልበም ነው። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በ81 ዓመቱ አረፈ።

ቅርስ

የጌታቸው ተጽዕኖ በሁለት አቅጣጫ ይታያል። በውጭ ሀገር የኢትዮጵያን ሙዚቃ የሚጫወቱ ባንዶች ዜማዎቹን ይጫወታሉ፤ በፓሪስ የተቋቋመው አካሌ ውቤ የተባለ ባንድ ስሙን የወሰደው በጌታቸው አልበም ውስጥ ካለው ዘፈን ነው። በሀገር ውስጥ ደግሞ ሳክስፎን ከድምፃዊ ኋላ የሚቆም ማጀቢያ ብቻ ሳይሆን ራሱ ሸላይ መሆን እንደሚችል አሳይቷል።

የመጀመሪያው አልበሙ ከታተመ በኋላ ወደ 30 ዓመት ገደማ ሳይሰማ ቆይቷል። የተመለሰው ባለቤቱ በሕይወት እያለ፣ ገና ሳክስፎኑን መንፋት እየቻለ በመሆኑ፣ ጌታቸው ከዘመኑ ብዙ አጃቢ ሙዚቀኞች ያላገኙትን ዕድል አግኝቷል። በስሙ ተጠርቶ፣ ጎፈሩን አድርጎ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ለመጫወት በቅቷል።