ደጃዝማች በላይ ዘለቀ

ደጃዝማች በላይ ዘለቀ (የፈረስ ስማቸው አባ ኮስትር፤ የሞቱት ጥር 1937 ዓ.ም.) በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ዘመን በምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም በቢቸናና በሞጣ አካባቢ፣ ጠላትን የተዋጉ ስመ ጥር አርበኛ ነበሩ።

የቤተሰብ ሁኔታ

አባታቸው ባሻ ዘለቀ ላቀው የቢቸና ለምጨን ሰው ሲሆኑ የልጅ ኢያሱ አገልጋይ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ጣይቱ አሰኔ ይባላሉ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ባሻ ዘለቀ በመንግሥት ወታደሮች ተገደሉ። በላይ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበሩ። ካደጉ በኋላ የአባታቸውን ደም ለመበቀል ከወንድማቸው ከእጅጉ ዘለቀ ጋር በአባይ በረሃ ሸፈቱ።

የስማቸው አጠራር

በላይ የራሳቸው ስም፣ ዘለቀ ደግሞ የአባታቸው ስም ነው። በኢትዮጵያ ልማድ የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ስላልሆነ በእንግሊዝኛም ሙሉ ስማቸው አንድ ጊዜ ከተጠቀሰ በኋላ በላይ ተብለው መጠራት አለባቸው። ስማቸውም በፊደል ተራ በ«በ» ሥር ይገባል እንጂ በ«ዘ» ሥር አይገባም። ዘለቀ ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ግን በአንድ ታሪክ ውስጥ አባትየው፣ በላይና እጅጉ ይደበላለቃሉ። የፊልም ሠሪው የኃይሌ ገሪማ ስምም ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል፤ ገሪማ የሚባሉት ስለ ጎንደር አርበኞች «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት አባታቸው ገሪማ ታፈረ ናቸው።

በጦርነቱ ዘመን የእንግሊዝ መኮንኖች ልጅ በላይ ብለው ይጽፏቸው ነበር። ልጅ የማዕረግ ስም እንጂ የስማቸው ክፍል አይደለም። በላቲን ፊደል «ቀ»ን አንዳንዱ በ«ኬ»፣ አንዳንዱ በ«ኪው» ስለሚጽፈው የአባታቸው ስም በየመጽሐፉ ይለያያል።

የአርበኝነት ዘመን

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲወር በላይ ጠመንጃቸውን ወደ ወራሪው አዞሩ። ከደጀን በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚወስደው አገርና በአባይ ሸለቆ ብዙ ተከታይ አፈሩ። የሚገዙትን አገር እያደራጁ ዳኛ ሾሙ፤ ለተከታዮቻቸውም እስከ ራስነት የሚደርስ ማዕረግ ሰጡ። ይህ የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ስለነበር አፄ በጉልበቱ የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ እርሳቸው ራሳቸው ምን ማዕረግ እንደሚይዙ ሲጠየቁ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ከሁሉ በላይ ስለሚያደርጋቸው ሌላ ማዕረግ እንደማያስፈልጋቸው መልሰዋል።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች በኮሎኔል ማራቬንታኖ መሪነት ደብረ ማርቆስን ለቀው በሳፈርታክ በኩል አባይን ሲሻገሩ፣ የበላይ ጦር መንገዱን ይዘጋል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ሆኖም ጠላት ያለ ከባድ ውጊያ ተሻገረ። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ይህ የሆነው ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በላይን በጋብቻ ተስፋ ስላባበሏቸው ነው ይላሉ።

ከነፃነት በኋላ

ከድል በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው የቢቸና ገዥ ሆነው ተሾሙ። በትግሉ ከእርሳቸው ያነሰ ሥራ የሠሩ ሰዎች የበለጠ ሹመት ማግኘታቸው ቅር አሰኛቸው፤ ከመንግሥት ጋርም ተጋጩ። የመንግሥት ጦር በዘመተባቸው ጊዜ ሶማ በተባለው አምባ ላይ ከተዋጉ በኋላ እጃቸውን ሰጥተው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። የተፈረደባቸው የሞት ቅጣት በንጉሠ ነገሥቱ ወደ እድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። ይሁን እንጂ ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከእስር ቤት ለማምለጥ ሞክረው ተያዙ። በጥር 1937 ዓ.ም. ሁለቱም፣ እጅጉ ዘለቀም ጭምር፣ በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ።

መታሰቢያ

በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራ መንገድ አለ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያም ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ተብሎ ተሰይሟል። አርበኝነታቸውና አሟሟታቸው በጎጃም በቀረርቶና በፉከራ ሲነሣ ይኖራል፤ በዚያም የሚጠሩት በላይ ወይም አባ ኮስትር ተብለው ነው።