ዓሣ አጥማጁ ላውሪ ራፓላ

ላውሪ ራፓላ የቤተ ሰብ ስሙን ያገኘው አንድ ቄስ በመርሳቱ ነው። በ1905 ዓ.ም. (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፊንላንድ አገር ሲስማ በተባለ ወረዳ ተወለደ። እናቱ ልጇን ይዛ ወደ አሲካላ በተዛወረች ጊዜ የደብሩ ቄስ የቀድሞ ስማቸው ስለ ጠፋው የመጡበትን መንደር ስም በመዝገቡ ጻፈላቸው። ራፓ በአገሩ ቋንቋ ጭቃ ማለት ነው፤ ይህ የጭቃ መንደር ስም በኋላ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ የዓሣ ማጥመጃ መደብሮች ይነበብ ዘንድ ማን ገመተ?

ላውሪ በ1928 ዓ.ም. ኤልማ የተባለች ልጃገረድ አገባ፤ ልጆችም ተከታተሉ። በክረምት በጫካ ግንድ ይቆርጣል፤ በበጋ በፓይየነ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ብዙ መንጠቆ የታሰረበትን ረጅም ገመድ ከጀልባው ኋላ እየጎተተ ሲቀዝፍ ይውላል። በየመንጠቆው ላይ ትንሽ ዓሣ መሰካት አለበት፤ ያቺ በተበላች ወይም በሞተች ቁጥር መቅዘፉን አቁሞ ሌላ መሰካት ነው። እንግዲህ የቤቱ እንጀራ በዚህ አድካሚ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበረ።

ላውሪ ግን እየቀዘፈ ውሃውን ይመለከት ነበር። ነጣቂው ዓሣ ወደ ትንንሾቹ መንጋ ሲገባ የሚመርጠው ወፍራሟን ወይም የቀረበችውን ሳይሆን፣ አካሄዷ ትንሽ የተዛባውን፣ እንደ ቆሰለች ሁሉ ወዲያና ወዲህ የምትንገዳገደውን ነበረ።

ስለዚህ በ1936 ዓ.ም. በጫማ ሰፊ ቢላዋ ከቡሽ አንዲት ዓሣ ቀረጸ። በቸኮላታ መጠቅለያ ብርማ ወረቀት ሸፈናት፤ ቫርኒሽ መግዣ ስላልነበረው የፎቶግራፍ ፊልም አቅልጦ ቀባት። መልኳ እንኳ ቀላሉ ነገር ነው። ጭንቁ አካሄዷ ነበር፤ ቀጥ ብላ የምትጎተት ዓሣ ማንንም አታታልልምና።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። ከአገጯ ሥር ዝርግ ከንፈር አለች፤ ስትጎተት ውሃው ከንፈሯን እየገፋ ወደ ታች ያጠልቃታል። አካሏ ቀላል ስለ ሆነ በግራና በቀኝ ትወዛወዛለች። ነገር ግን በእጅ የተሠራ ሁሉ እኩል አይወጣም፤ አንዷ ወደ ጎን ትሸሻለች፤ ሌላዋ ትገለበጣለች። መድኃኒቱ ገመዱ በሚታሰርባት በአፍንጫዋ ላይ ያለችው የሽቦ ቀለበት ናት። ዓሣዪቱ ወደ ጎታቹ ስትመጣ ወደ ግራው ብትሸሽ ቀለበቷን በፒንሳ ወደ ቀኙ በጣም ጥቂት ማጠፍ፣ እንደ ገና በውሃ መጎተት፣ እንደ ገና መመልከት ነው። ከልክ በላይ የታጠፈች እንደ ሆነ ወደ ሌላው ጎን ትሄዳለች። ላውሪና ልጆቹ ለሽያጭ መሥራት ከጀመሩ በኋላም እያንዳንዷን በውሃ ሳይፈትኑ አልሸጡም።

የሕይወቱን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቁት በአሜሪካ ያገኘውን ገበያ ነው። እርግጥ ነው፣ በሚኒሶታ የሚኖሩ ሁለት ነጋዴዎች ማጥመጃዋን ማስመጣት ከጀመሩ በኋላ ላይፍ የተባለው መጽሔት በነሐሴ 1962 ዓ.ም. ስለ እርሷ ጻፈ። የማሪሊን ሞንሮ ሞት የተነገረበት እትም ስለ ነበረ እጅግ ብዙ ሰው አነበበው፤ ትእዛዙም የትንሹን ፋብሪካ አቅም አለፈ። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በዚያ የጥድፊያ ጊዜ እንኳ የውሃው ፈተና አለመቅረቱ ነው።

ላውሪ ራፓላ በ1974 ዓ.ም. ዐረፈ። በስሙ የሚጠራው ኩባንያ ማጥመጃዎቹን ዛሬም በእጅ እያስተካከለ በውሃ ገንዳ ይፈትናል።