አንዲት ሌሊት ያተረፈቻቸው መስፍን

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 27 ቀን 1547 ምሽት፣ ዕድሜያቸው ወደ 73 የተጠጋ አንድ አዛውንት በለንደን ግንብ እስር ቤት ውስጥ ሞታቸውን ይጠባበቁ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ ያለ ችሎትና ያለ ሙግት፣ በአዋጅ የሞት ፍርድ አስተላልፎባቸዋል። አዋጁም በዚያው ዕለት በንጉሡ ስም ጸድቋል። ሲነጋ አንገታቸው በመጥረቢያ ሊቀላ ነው። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ግን በዋይትሆል ቤተ መንግሥት አልጋ ላይ የሞቱት እስረኛው ሳይሆኑ ፍርዱ በስማቸው የጸደቀው ንጉሥ፣ ሄንሪ ስምንተኛ ነበሩ። አዲሱ መንግሥት ዘመኑን በደም ለመክፈት አልፈለገም። አዛውንቱም ተረፉ።

እኚህ ሰው ሦስተኛው የኖርፎክ መስፍን፣ ቶማስ ሃዋርድ ናቸው። በቱዶር ነገሥታት ዘመን እንደ እርሳቸው ለዙፋኑ የቀረበ መኳንንት ጥቂት ነበር። የእህታቸውና የወንድማቸው ሴቶች ልጆች ተራ በተራ የንጉሡ ሚስቶች ሆነዋል። ሁለቱም ግን በሰይፍና በመጥረቢያ ሞተዋል። የመስፍኑን ቤት ከፍ ያደረገውም ሆነ የጣለው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ለንጉሥ መቅረብ ነበር።

ከውድቀት የተጀመረ ሕይወት

ቶማስ ሃዋርድ በ1473 ሲወለዱ ቤተሰባቸው በዮርክ ወገን ነገሥታት ሥር ያደገ ነበር። አያታቸው ጆን ሃዋርድ የመጀመሪያው የኖርፎክ መስፍን ሆነው ተሾሙ። ይሁን እንጂ በኦገስት 1485 በቦስወርዝ ጦር ሜዳ ለንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ ሲዋጉ ከንጉሣቸው ጋር ወደቁ። አባታቸውም በዚያው ሜዳ ቆስለው ተማረኩ፤ ከሦስት ዓመት በላይም በለንደን ግንብ ታሰሩ። ማዕረጉም ርስቱም ተወረሰ። ድል አድራጊው ሄንሪ ሰባተኛ የቱዶርን ሥርወ መንግሥት ሲመሠርቱ፣ የሃዋርድ ቤት በተሸናፊው ወገን የቆመ የተዋረደ ቤት ሆኖ ቀረ።

የ12 ዓመቱ ቶማስ ከዚህ የተማረው ነገር ዕድሜ ልኩን አልተለየውም። ባለ ዘውዱ ማንም ይሁን ማን፣ የቤቱ ህልውና የተንጠለጠለው በእርሱ ፈቃድ ላይ ነው። አባትየው ከእስር ተፈትተው አዲሱን ንጉሥ በታማኝነት አገለገሉ፤ የሰሬይ ኧርልነታቸውንም መልሰው አገኙ። በ1495 ደግሞ ልጃቸው ቶማስ የሟቹን የንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛን ልጅ፣ የንግሥቲቱን እህት አንን አገባ። የእስረኛው ልጅ በ10 ዓመት ውስጥ ከንጉሡ ጋር እህትማማቾች አገቡ ማለት ነው። ከዚህ ጋብቻ የተወለዱት ልጆች ሁሉ በልጅነታቸው ተቀጠፉ፤ አንም በ1511 ሞተች።

ቤቱን ሙሉ በሙሉ ያነሣው የ1513 ዓ.ም. ነው። ሄንሪ ስምንተኛ በፈረንሳይ ሲዋጉ የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ አራተኛ ከሰሜን ዘመተባቸው። ዕድሜያቸው 70 የደረሰው አባት የእንግሊዝን ጦር ሲመሩ፣ በዚያው ዓመት የባሕር ኃይል አዛዥ የሆኑት ቶማስ ግንባር ቀደሙን ጦር መሩ። ሴፕቴምበር 9 ቀን በፍሎደን የስኮትላንድ ጦር ተደመሰሰ፤ ንጉሡም በውጊያው ሞተ። በማግሥቱ ዓመት የኖርፎክ መስፍንነት ለሃዋርድ ቤት ተመለሰ። አባታቸው በ1524 ሲያርፉም ማዕረጉን ቶማስ ወረሱ። ያን ጊዜ የመንግሥቱ ግምጃ ቤት የበላይ ኃላፊም ነበሩ።

የእህት ልጅ ዘውድ

የመስፍኑ እህት ኤልሳቤጥ ቶማስ ቦሊን የተባለውን የቤተ መንግሥት ሰው አግብታ ነበር። ልጃቸው አን ቦሊን የንጉሡን ልብ ስትማርክ፣ ለሃዋርድ ቤት የማይታሰብ በር ተከፈተ። ሄንሪ ከንግሥት ካትሪን ወንድ ወራሽ አላገኙም። ጋብቻው እንዲፈርስ ቢጠይቁም የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት እሺ አላሉም። ያን ጉዳይ መፈጸም ያልቻሉት ካርዲናል ዎልዚ በ1529 ሲወድቁ፣ ከጣሏቸው መካከል ኖርፎክ ዋነኛው ነበሩ። በ1533 አን ዘውድ ጫነች። በዚያው ዓመት የመስፍኑ ልጅ ሜሪ ከጋብቻ ውጭ ለተወለደው የንጉሡ ልጅ ለሄንሪ ፊትዝሮይ ተዳረች።

ዘውዱ ሲቀርብ የገዛ ቤታቸው ፈረሰ። ሁለተኛዋ ሚስታቸው ኤልሳቤጥ ስታፎርድ፣ ከ20 ዓመት በላይ የምታንሳቸው የትልቅ መስፍን ልጅ ነበረች። አባቷ የበኪንግሃም መስፍን በ1521 በአገር ክህደት ተከሰው አንገታቸው ተቀልቷል። ባሏ ቤስ ሆላንድ የምትባል ሴት ሲወዳጁ፣ እንደ ዘመኑ ሚስቶች ዝም አላለችም። በአንን ፋንታም ከተገፋችው ንግሥት ከካትሪን ጎን ቆመች። መስፍኑ በ1534 ከቤት አስወጥተው ሬድበርን በሚባል ቦታ ለብቻዋ አስቀመጧት። ከዚያ ሆና ለንጉሡ ሚኒስትር ለቶማስ ክሮምዌል ደብዳቤ ላይ ደብዳቤ ጻፈች፦ የቤቱ አገልጋዮች አስረው እንዳሠቃይዋት፣ በወለደች ጊዜም ባሏ ከአልጋዋ ጎትተው እንዳወጧት ገለጸች። መስፍኑ በአልጋው ጉዳይ ውሸት ነው ብለው አስተባበሉ። የገዛ ልጆቿ እንኳ ከእርሷ ጋር አልቆሙም።

አን የወለደችው ወንድ ልጅ ሳይሆን ኤልሳቤጥን ነበር። በ1536 የንጉሡ ፍቅር ወደ ጥላቻ ተለወጠ፤ ንግሥቲቱም በዝሙትና በአገር ክህደት ተከሰሰች። ሜይ 15 ቀን በለንደን ግንብ የተሰየመውን ችሎት የመሩት አጎቷ ኖርፎክ ነበሩ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ነውና፣ ከተሰበሰቡት መሳፍንት አንድም የንጉሡን ፈቃድ የተቃወመ አልተገኘም። በእህታቸው ልጅ ላይ የሞት ፍርዱን ያነበቡትም መስፍኑ ራሳቸው ናቸው። በዚያው ቀን በወንድሟ በጆርጅ ላይም እንዲሁ ፈረዱ። አን ከአራት ቀን በኋላ በሰይፍ ተገደለች።

ታማኝነት በምን ይለካል?

ኖርፎክ በሃይማኖት የድሮውን ሥርዓት የሚወዱ ሰው ነበሩ። በ1536 መኸር በሰሜን እንግሊዝ የገዳማትን መዘጋት የተቃወመ ሕዝብ ሲነሣ ግን የተላኩት እርሳቸው ናቸው። በዶንካስተር ወደ 30,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተሰልፎ ነበር፤ የመስፍኑ ጦር ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ ምሕረትና ፓርላማ በንጉሡ ስም ቃል ገብተው በተኑት። በቀጣዩ ዓመት አዲስ ሁከት ሲነሣ ቃሉ ታጠፈ። በካርላይል ብቻ በወታደራዊ ሕግ 74 ሰዎች በትእዛዛቸው ተሰቀሉ። ታማኝነታቸው ግን የአባቶቻቸውን መቃብር እንኳ አላዳነላቸውም። አባታቸው ያረፉበት የቴትፎርድ ገዳም እንዲተርፍ ቢማጸኑም እንደ ሌሎቹ ተዘጋ፤ የቤተሰቡም አፅም ወደ ፍራምሊንግሃም ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ።

በጁን 1540 ተቀናቃኛቸው ክሮምዌል በምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲያዙ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ኒሻን ከአንገታቸው የነጠቁት ኖርፎክ ነበሩ። ክሮምዌል አንገታቸው በተቀላበት ዕለት፣ ጁላይ 28፣ ንጉሡ የመስፍኑን የወንድም ልጅ ካትሪን ሃዋርድን አገቡ። እርሷ ገና ለጋ ወጣት፣ እርሳቸው 49 ዓመት የሞላቸው ነበሩ። ሃዋርዶች ዳግመኛ ከዙፋኑ አጠገብ ቆሙ። ሁለት ዓመት ግን አልሞላም። ከጋብቻዋ በፊት የነበራት ሕይወት ተገልጦ ካትሪን በፌብሩዋሪ 1542 ተገደለች። የመስፍኑ እንጀራ እናትና ሌሎች ዘመዶቻቸው ታሰሩ። እርሳቸው ለንጉሡ ደብዳቤ ጽፈው የገዛ ወገኖቻቸውን አወገዙ። በዚህም ለጊዜው ዳኑ።

የልጅ ሞት

የበኩር ልጃቸው ሄንሪ ሃዋርድ፣ የሰሬይ ኧርል፣ አባቱን አይመስልም ነበር። ኩሩና ቁጡ ወታደር፣ ደግሞም ከዘመኑ ታላላቅ ገጣሚዎች አንዱ ነው። ከቶማስ ዋያት ጋር ሶኔት የተባለውን ባለ14 ስንኝ ግጥም ለእንግሊዝኛ አስተዋወቀ። የቨርጂልን ኢኒድ ክፍሎች ሲተረጉምም ቤት የማይመታውን ግጥም በእንግሊዝኛ ጀመረ። ሼክስፒር በኋላ ተውኔቶቹን የጻፈው በዚሁ ስልት ነው።

በ1546 መጨረሻ ንጉሡ በጠና ታመሙ፤ ወራሹ ልዑል ኤድዋርድ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ሕፃኑን ማን ይጠብቅ? የሚለው ጥያቄ ቤተ መንግሥቱን ከፈለው። በዚህ መካከል ሰሬይ የጥንቱን የንጉሥ ኤድዋርድን አርማ በጋሻ አርማው ላይ ማኖሩ ዙፋን እንደ መመኘት ተቆጠረበት። ዲሴምበር 12 ቀን አባትና ልጅ ታሰሩ። መርማሪዎች ወደ መስፍኑ ቤት ሲሄዱ ያገኟቸው ሴቶች ቤስ ሆላንድና ልጃቸው ሜሪ ነበሩ፤ ሁለቱም መሰከሩ። ሜሪ ወንድሟ የንጉሡ ውሽማ ሆና ቤተሰቡን እንድትጠቅም መክሯት እንደነበር ተናገረች። ሌሎቹ የቤቱ ሴቶች ለንጉሥ የቀረቡበት መንገድ አሁን ማስረጃ ሆኖ ተመለሰ።

አዛውንቱ ከእስር ቤት መጻሕፍት እንዲላኩላቸው ለመኑ፤ ሳያነቡ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው አስታወቁ። ከጠየቋቸው መካከል የቅዱስ አውግስጢኖስ መጽሐፍ ይገኝበታል። ጃንዋሪ 12 ቀን 1547 የልጃቸውን ጥፋት ሰውሬአለሁ የሚል የእምነት ቃል ፈረሙ። በማግሥቱ ሰሬይ ለፍርድ ቀረበ፤ ጃንዋሪ 19 ቀንም አንገቱ ተቀላ። 30 ዓመት ገደማ ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ንጉሡ ሞቱ፤ አባትየውም በዚያች ሌሊት ተረፉ።

ከሞት ወዲያ

መስፍኑ በኤድዋርድ ስድስተኛ ዘመን ሁሉ በለንደን ግንብ ታስረው ቆዩ። በኦገስት 1553 ካቶሊኳ ንግሥት ሜሪ ለንደን ሲገቡ፣ ከግንቡ ተንበርክከው ከተቀበሏቸው እስረኞች አንዱ የ80 ዓመቱ ኖርፎክ ነበሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ገና በዳኝነት ወንበር ተቀምጠው፣ በኖርዘምበርላንድ መስፍን በጆን ደድሊ ላይ የሞት ፍርድ አነበቡ። በ1554 መጀመሪያ በኬንት በተነሣው ዓመፅ ላይ ጦር እየመሩ ቢዘምቱም፣ ከወታደሮቻቸው ብዙዎቹ ከድተው ከዓመፀኞቹ ጋር ተቀላቀሉ። የዓመፁ መሪ የገጣሚው የዋያት ልጅ ነበር። ኦገስት 25 ቀን በኬኒንግሆል በአልጋቸው ላይ ዐረፉ።

ማዕረጉን የወረሰው የሰሬይ ልጅ ቶማስ ነው። ያ የልጅ ልጅ የስኮትላንድን ንግሥት ሜሪን ሊያገባ በማሰቡና በሤራ በመከሰሱ፣ በጁን 1572 አንገቱ ተቀላ። ፍርዱን የፈረሙት ንግሥት ኤልሳቤጥ፣ የአን ቦሊን ልጅ ነበሩ። ቤቱ ግን አልጠፋም። ዛሬም የኖርፎክ መስፍን የእንግሊዝን ታላላቅ የመንግሥት ሥነ ሥርዓቶች ያዘጋጃሉ፤ የ2022 የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ቀብርና የ2023 የንጉሥ ቻርልስ ዘውድ ጭነትም በዚሁ ቤት እጅ ተሰናድተዋል።

በፍራምሊንግሃም ቤተ ክርስቲያን የመስፍኑ መቃብር በሐዋርያት ምስል ተከቦ ይታያል። በዚያው ቤተ ክርስቲያን የልጃቸው የሰሬይ መቃብርም አለ፤ የልጅ ልጁ ልጅ ሳይሆን የገዛ ልጁ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ አፅሙን አምጥቶ አሳርፎታል። በድንጋይ የተቀረጸው ምስሉ የኧርልነት ዘውዱን በራሱ ላይ አልደፋም፤ ዘውዱ ከእግሩ አጠገብ ተቀምጧል።