በረሃብ የሞተው ዘር ሰብሳቢ

ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ተወለደ። ዘመኑ ረሃብ ሩሲያን ደጋግሞ የሚመታበት ነበር። ወጣቱ ቫቪሎቭ ግብርና ተምሮ በሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነ። ድርቅና በሽታ የሚቋቋም እህል ለማዳቀል ግን መጀመሪያ ልዩ ልዩ ዘር በእጅ መኖር አለበት ብሎ አመነ። ስለዚህ ዓለምን እየዞረ መሰብሰብ ጀመረ።

በ1927 አገራችንን ጎበኘ። በአዲስ አበባ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ አነጋገሩት፤ ከዚያ በበቅሎ ቅፍለት በጎንደርና በአክሱም በኩል እስከ አስመራ ዘለቀ። በየገበያውና በየማሳው ሺዎች የዘር ናሙናዎች ሰበሰበ። የስንዴያችንና የገብሳችን ዓይነት መብዛት እጅግ አስገረመው። ኢትዮጵያን የዓለም ሰብሎች መነሻ ናቸው ካላቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዷ አድርጎ መዘገባት። ስንዴና ገብስ ከመካከለኛው ምሥራቅ መምጣታቸውን ኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ቢያሳዩም፣ ያን ሁሉ መልክ ያወጣላቸው የእኛ ገበሬ ነው።

በሌኒንግራድ ያከማቸው ዘር ሩብ ሚሊዮን ናሙና ገደማ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የዘር ውርስ ሳይንስን የሚክደው ሊሴንኮ የስታሊንን ጆሮ አገኘ። ቫቪሎቭ በ1940 ታሰረ፤ በጥር 1943 ድሮ ባስተማረባት በሳራቶቭ፣ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። ባልደረቦቹ ሩዙን፣ ኦቾሎኒውንና ስንዴውን እየጠበቁ፣ አንዷን ፍሬ ሳይቀምሱ፣ ከመካከላቸው በርካቶቹ በረሃብ አለቁ። መንግሥት ስሙን ያደሰለት በ1955 ነው።

እሱ ያየው ብዝኃነት ዛሬ በማሳችን ላይ እየሳሳ ነው። ምርት የሚሰጠው የተሻሻለ የዳቦ ስንዴ በብዙ አካባቢ የአያቶቻችንን ስንዴ ተክቷል። ገበሬው አልተሳሳተም፤ ቤተሰቡን መመገብ አለበት። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ ብዙውን አትርፏል። ሆኖም በባንክ የተቀመጠ ዘር ከአየሩ ጋር አይለወጥም፤ እየተዘራ ካልኖረ ከዘመኑ ጋር መላመዱን ያቆማል።

ወደ አገር ቤት ስትደውሉ አያታችሁን ጠይቁ፦ ድሮ ምን ዓይነት ገብስ፣ ምን ዓይነት ስንዴ ይዘሩ ነበር? ዛሬስ የትኛው ቀርቷል? መልሱን ጻፉት። ዘሩ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚረሳው ስሙ ነውና።