ቢል ዊልሰንና የታውንስ ሆስፒታል አልጋ

ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት አንድ ዋርድ ውስጥ መጠጥ በድንገት ያቆመ ሰው ተኝቶ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሌሊቱን ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ሲያባርር አደረ። ሰካራም ነው፣ ሲነጋ ይበርድለታል ተብሎ ታለፈ፤ እኔም አብሬ አለፍኩ። በማግስቱ ጠዋት እንደሚጥል በሽታ ጣለው። ደግነቱ ተረፈ። ስለ ቢል ዊልሰን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቢል እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ተወለደ። ወላጆቹ ሲለያዩ አያቶቹ አሳደጉት። ወታደር ሆነ፣ ሎይስን አገባ፣ ኒውዮርክ ውስጥ በአክሲዮን ገበያ ገንዘብ አገኘ። ገበያው በ1929 ሲወድቅ እሱም አብሮ ወደቀ። መጠጡ ግን ከዚያ በፊትም ነበር። ሎይስ ሱቅ ተቀጥራ ቤቱን ያዘች።

ከ1933 ጀምሮ ታውንስ በሚባለው የኒውዮርክ ሆስፒታል አራት ጊዜ ተኛ። የሆስፒታሉ ባለቤት ቻርልስ ታውንስ ሐኪም አልነበረም፤ ኢንሹራንስ ሲሸጥ የነበረ ሰው ነው። የእሱ ሕክምና ሆድ በሚያጥብ መድኃኒትና በጉሎ ዘይት ማስቀመጥ፣ ከዚያ ቀንና ሌሊት በየሰዓቱ ቤላዶና መስጠት ነበር። ቤላዶና ውስጥ ያለው አትሮፒንና ስኮፖላሚን ነው፤ እኛ አገር አስተናግር የምንለው ተክል ውስጥም ይኸው አለ፤ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ልብን ያስሮጣል፣ ሰውን ያስቀባዥራል። መጠጥ ያቆመ ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ልቡ እየሮጠ፣ እየቃዠ ነው። ታዲያ የትኛው የበሽታው፣ የትኛው የመድኃኒቱ እንደሆነ ነርሷ በምን ትለየዋለች?

ቢል በዲሴምበር 1934 ለአራተኛ ጊዜ ተኝቶ ሳለ ክፍሉ በብርሃን ሲሞላ አየ። አበድኩ ብሎ ፈራ። ዶክተር ሲልክዎርዝ ግን አዳመጠውና አላበድክም፣ ያየኸውን አትልቀቀው አለው። ብርሃኑ የቤላዶና ነው የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። እኔን የገረመኝ ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ መስማቱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ቢል አልጠጣም።

በ1935 አክረን ከተማ ዶክተር ቦብን አግኝቶ አልኮሆሊክስ አኖኒመስን መሠረቱ። ያኔ ብዙ ሆስፒታል ሰካራም አይቀበልም ነበር። ሲስተር ኢግናሺያ በ1939 በሴንት ቶማስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ታካሚ ያስተኛችው የጨጓራ ሕመም ብላ አስመዝግባ ነው! ዛሬ ከመጠጥ ሲወጡ የሚመጣውን መጣል የሚከላከሉት እነ ዳያዜፓም ናቸው፤ ቲያሚንም ይሰጣል፤ መንቀጥቀጡና ላቡ በነጥብ ይለካል። ይህ ሁሉ ግን ሌሊት ቀርቦ የሚያይ ሰው ከሌለ ወረቀት ነው፤ ያ የኔ ታካሚም በነጥብ አልተለካም።

ቢል መጠጡን ቢተውም ሲጋራውን ለብዙ ዓመታት አልተወም፤ ሳንባው ተጎድቶ በጃንዋሪ 1971 ሞተ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይቀምስ ቆይቶ፣ ዊስኪ ስጡኝ ብሎ ጠየቀ። አልተሰጠውም፤ ተቆጣ። ተረኛው ነርስም ጥያቄውን በመዝገቡ ላይ ጻፈው።